ከሬዲዮ እስከ ቴሌግራም፦ ከቆቦ ሆኜ ያየሁት የርቀት ትምህርት ታሪክ

ጽሑፏ ረዘም ትላለች፤ ቡና አስፈልታችሁ ብታነቧት ይሻላል። ዓመቶቹን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። የውጭ አገር ሲሆን ብቻ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ "ከዚህ በኋላ የማጠናከሪያ ትምህርቱን በቴሌግራም እናደርገዋለን፤ ፒዲኤፉን መልቀቅ ነው፣ ተማሪው ያነባል" ተባለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔም እጄን ሳላወጣ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "መልቀቅ ነው፣ ተማሪው ያነባል" የምትለዋን ነገር ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አውቃታለሁ። አንዴ ተማሪ ሆኜ፣ አንዴ አስተማሪ ሆኜ። ሁለቴም ዋጋ አስከፍላለች። በስብሰባው ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ፋኖስና ሬዲዮ

ትምህርትን ከክፍል ውጭ የማድረስ ሐሳብ በኮሮና አልተጀመረም። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ነው። ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ፕሮግራም ማሰራጨት ተጀመረ። የትምህርት ሬዲዮም በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ በደርግ ጊዜ ሰፋ። እኛ ቆላ ራያ ግን ቴሌቪዥኑ ቀርቶ መብራቱም ገና ነበር።

አባቴ ስሙን መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ተጀምሮ ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። አባቴ ስለ ሽልማቱ አያውቅም። የሚያስታውሰው የሚያስተምረውን ልጅ ነው። "ማሽላ አጭደን፣ ደክሞን፣ ማታ በፋኖስ እንቀመጣለን። አንቀላፍቼ እንደሆነ መጥቶ እርሳሱን እጄ ላይ ያስተካክልልኛል" ይላል። የዚያን ጊዜው ቴክኖሎጂ ፋኖስና እርሳስ ነበር። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላም አባቴ አእምሮ ውስጥ የቀረው ግን ያ እርሳስ የሚያስተካክለው ልጅ ነው።

በእኔ ጊዜ ሬዲዮ ደረሰ። አንደኛ ደረጃ እያለሁ ሬዲዮኗ የምትቀመጠው ዳይሬክተሩ ቢሮ ነበር። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲሆን አንድ ልጅ እንደ ታቦት አቅፎ ያመጣታል። ድንጋዩ ከደከመ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ካልሆነም ጥርስ ያርፍበታል። ሬዲዮኗ ውስጥ ያለችው ሴት አንድ ቃል ትልና ዝም ትላለች። እኛ ስልሳ ልጆች በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። መምህራችን ጆሮውን ቀስሮ በመሐላችን ይዞራል። የተሳሳተውን ልጅ ትከሻውን ነካ አድርጎ ያስደግመዋል።

አድጌ ሳነብ ይሄ ዝምታ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን አወቅሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒካራጓ ውስጥ ከአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሒሳብን በሬዲዮ ለማስተማር ሲሞክሩ፣ ሕፃናት ዝም ብለው እንዲሰሙ ከማድረግ ይልቅ ሬዲዮው እንዲጠይቅና ለመልስ ቦታ እንዲተው አደረጉ። ልጆቹ ይመልሳሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ ዘዴው በብዙ ድሃ አገሮች ተሠራበት። ነገሩ ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ የሚማረው መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ሲያስቀጽለው፣ እሱም ድምፁን አውጥቶ ሲቀበል ነው። መድረሳም እንደዚያው ነው። ዝም ብሎ የሚሰማ ልጅ እንዳልተማረ አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

ፕላዝማ

እናንተ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ የተወለዳችሁ ይቺን አትረሱም። በ1997 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ተጀመረ። ትምህርቱ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርፆ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሳተላይት ይላካል፣ ከሳተላይት ወደየክፍላችን ይወርዳል። ከሐሳቡ ጀርባ ቅን ነገር ነበረ። ጎበዝ የፊዚክስ መምህር አዲስ አበባ ላይ ካለና ቆቦ ላይ ከሌለ፣ ሁለቱም ክፍል አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት ያግኝ ነው ነገሩ። የገጠር ልጅ እንዳይበደል።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ነው። መጀመሪያ ቀን ያ ጥቁር ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ ሳየው ዩኒቨርሲቲ የገባሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ምስሉ ያምራል። የልብ አሠራር፣ የእሳተ ገሞራ አፈነዳድ፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሊሣል የማይችል ነገር አይተናል። ይሄንን አልክድም።

ችግሩ ፍጥነቱ ነበር። በአማርኛ ተምረን የመጣን ልጆች ነን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በማናውቀው የእንግሊዝኛ ቅላፄ ይናገራል። ጥያቄ ያወጣና "ሁለት ደቂቃ አላችሁ" ይላል። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ "በጣም ጥሩ! ትክክል ናችሁ!" ብሎ ያመሰግነናል። እንስቅ ነበር። ማን ምን መለሰ? ማንም ምንም አልመለሰም እኮ! እሱ ግን አመስግኖን ወደ ሚቀጥለው ገጽ አልፏል።

ሬዲዮኗም ትጠብቅ ነበር፣ ፕላዝማውም ይጠብቃል። ልዩነቱ የገባኝ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። በሬዲዮኗ ጊዜ መምህራችን በመሐል እየዞረ የተሳሳተውን ይመልስ ነበር። በፕላዝማ ጊዜ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በመሐሉ ጥግ ይዞ ይቆማል። ማስቆም አይችልም፣ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ ሰውዬው የእኛን መብራት ሳይጠብቅ ሰማይ ላይ ማስተማሩን ይቀጥላል። የእኛ ፊዚክስ መምህር ጎበዝ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ዞር ብለው "ልጆች፣ እኔ እኮ እዚህ ያለሁት ሪሞት ለመያዝ ነው" ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ለነገሩ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1964 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው የአሜሪካ ሳሞአ ደሴት ትምህርቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል በቴሌቪዥን አደረጉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተማሪውም መምህሩም ሰለቸው፤ ከፍ ያሉት ክፍሎች መምህር ይመለስልን አሉ። ቴሌቪዥኑም ቀስ በቀስ አጋዥ ብቻ ሆኖ ቀረ። እኛ ከአርባ ዓመት በኋላ ስንጀምር ይሄ ታሪክ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

እኔ በ1999 የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈተንኩ። ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አልመጣም። ሒሳብና ፊዚክስ ጎተቱኝ። ሁሉንም በፕላዝማ አላሳብብም፤ ስንፍናም ነበረኝ። በ10+3 መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁና በዲፕሎማ ወጣሁ። ገጠር አስተማርኩ፣ ኋላ መምህር ሲጠፋ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተዛወርኩና ታሪክ ያዝኩ። ስለዚህ "ተለቋል፣ ተማሪው ይከታተላል" የምትለዋን በገዛ ወረቀቴ ላይ ነው የማውቃት።

ሁለቱ ምልክት

መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ትምህርት ይሰጣል ተባለ። አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በሳምንቱ ሥራ ጀመሩ።

እኔ ያኔ የ9ኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። 58 ልጆች። ስልክ ቁጥር ልሰብስብ ብዬ ብነሳ 13 አገኘሁ፤ ከነዚያም ግማሹ የአባት ወይም የወንድም ስልክ ነው። ሌላው ልጅ ዞብል ሥር ነው፣ ሮቢት ነው፣ ዋጃ አካባቢ ነው፤ ፍየል ይጠብቃል፣ መስኖ ያጠጣል። ግሩፕ ከፈትኩ። የመማሪያ መጽሐፉን ፒዲኤፍ ለቀቅሁ። በማግስቱ ማስታወሻ ለቀቅሁ። በሦስተኛው ቀን የጥያቄ ወረቀት። ሁለቱ አረንጓዴ ምልክት ሲመጣ ደስ ይለኛል። "አንብበውታል" እላለሁ። ለርዕሰ መምህሩም "13 ልጆች እየተከታተሉ ነው" ብዬ ሪፖርት አደረግሁ።

ከነዚያ 13 አንዷ ከክፍሌ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ስልኩ የወንድሟ ነው። የምልክላትን ሁሉ ሁለት ምልክት ያሳያል። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን መልስ አልጻፈችም፤ እኔም አንድም ቀን አልደወልኩም። ዓይን አፋር ናት ብዬ አሰብኩ። ጥቅምት 2013 ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት ሲጀምሩ አልመጣችም። ስጠይቅ ግንቦት ላይ ተድራለች። ወንድሟ መልእክቱን ይከፍተዋል፣ ያየዋል፣ ይተወዋል። ለእሷ ነግሯት አያውቅም።

በዚያ ዓመት በየገጠሩ እንደሷ የሆኑ ብዙ ሴት ልጆች አሉ፤ ታውቁታላችሁ። ብደውል ኖሮ ትዳሩ ይቀር ነበር? እንጃ። ምናልባት አይቀርም ነበር። ግን ቢያንስ አውቅ ነበር። ሁለት ምልክት አይቼ "እየተማረች ነው" ብዬ ሪፖርት አልጽፍም ነበር።

ሙዚቃ ቤቱ

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው ነገሩ ያልሠራ መሆኑ የገባኝ። ከ13ቱ አንዱ ደውሎ "ቲቸር፣ ፒዲኤፉ ካርድ ጨረሰብኝ፤ አልከፈተልኝም። ዝም ብለህ በድምፅ ብትነግረን አይሻልም?" አለኝ።

ሞከርኩት። ስለ አድዋ ሁለት ደቂቃ ብቻ በድምፅ ቀረፅኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ፦ "ምኒልክ ከወረኢሉ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ በእኛ አካባቢ አለፈ እንበል፤ ያ ሁሉ ሠራዊት ምን ይበላል? ውኃ ከየት ይጠጣል? አያታችሁን ጠይቁና በድምፅ መልሱ።" በዚያች ማታ ሰባት ድምፅ መጣ። አንዱ ውስጥ አያትየዋ ራሳቸው ገብተው "ኧረ ልጄ፣ ያኔማ…" እያሉ ይተርካሉ። ሳቅኩም፣ ተገረምኩም። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለ ግሩፕ ነው እኮ!

ከዚያ አንድ ነገር ጨመርን። ስልክ ያለው ልጅ ሰፈሩ ላይ ሦስት ወይም አራት ስልክ የሌለው ልጅ ይይዛል። ያሰማቸዋል፣ መልሳቸውን ቀርፆ ይልክልኛል። ሩቅ ላሉት ደግሞ ዘዴው ከራሳቸው መጣ። ቆቦ ገበያ የሚመጣ ሁሉ ሙዚቃ ቤት ጎራ ብሎ ሚሞሪ ማስጫኑ ያለ ነው። የሙዚቃ ቤቱን ልጅ አናገርኩት። "ዘፈን ስትጭንላቸው ይቺንም ጣልባቸው" አልኩት። ሳንቲም አልጠየቀኝም። ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ፣ የእኛ ትምህርት በሚሞሪ ቀጠለ።

መስከረም ላይ ከሮቢት በኩል የመጡ አንድ አባት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። "መምህር፣ ልጄ ማሽላ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ ይውላል። ዘፈን ነው ብዬ ልቆጣ ነጥቄ ብሰማው ያንተ ድምፅ ነው። ስለ ቴዎድሮስ ታወራለህ!" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ቢዘገይብኝም የማልናደድበት አንድ ወር አለፈ።

ያልሠራውንም ልንገራችሁ። 58ቱንም አልደረስኩም። በስልክም በጎረቤትም በሚሞሪም ያገኘሁት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ታሪክ በድምፅ ይሆናል፤ የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ሞክሮት "ቀመር በወሬ አይሆንም" ብሎ በወረቀት ፎቶ ነው የቀጠለው። ዓመቱም ያለ ማጠቃለያ ፈተና ወደ ሚቀጥለው ክፍል ተዛውሮ አለቀ።

ኔትወርክ የሌለበት ዘመን

የ2012 የ9ኛ ክፍል ልጆቼን ተከተሏቸው። 10ኛ ክፍልን ዘግይተው ጀመሩ። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ጳጉሜን 4ን ቆቦ ያለ ሰው ያውቃታል፤ ዛሬ አልጽፋትም፤ ነፍሳቸውን ይማር። በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወንበሩ ማገዶ ሆኗል፤ ከፕላዝማና ከኮምፒውተር የተረፈው ሽቦው ነው። 11ኛ ክፍልን እንዲሁ በግማሽ ጀመሩ። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ተመለሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እነሱ 12ኛ ክፍል ናቸው።

በዚያ ጨለማ ጊዜ ቴሌግራም ምን ይጠቅማል? ምንም። ስልኩ ባትሪ ካለው የእጅ መብራት ነው። ግን ኋላ ላይ አንድ ልጅ የነገረኝን ልንገራችሁ። ሚሞሪው ላይ የነበሩትን የእኔን ድምፆች በትንሽ ሶላር እያስሞላ ለታናናሾቹ ያሰማቸው ነበር። "ጥያቄውን ስትጠይቅ አጠፋዋለሁ። እነሱ ሲመልሱ እኔ አርማቸዋለሁ፤ ከዚያ እከፍተዋለሁ" አለኝ። ሬዲዮኗና በመሐላችን ይዞር የነበረው መምህሬ ትዝ አሉኝ። ማንም ሳያሠለጥነው እዚያው ደርሷል።

ሐምሌ 2015 በየዩኒቨርሲቲው ሄደው ተፈተኑ። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 28፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ውጤት በድረ ገጽና በቴሌግራም ተለቀቀ ሲባል፣ ልጆቼ ስልክ በሠራ ሰዓት አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ደውለው የመለያ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ እያነበቡ ነው ያዩት። ያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው። አንዷ ልጅ ቁጥሯን ስታነብ እጇ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ነበርኩ። ከወዲያ ያለችው አክስቷ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ልጅቷ "እትዬ፣ ገባኝ፤ በቃ ዝጊው" አለቻት።

እና ምን ይሁን?

በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። ይቀጥላል። የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለሁም፤ እንዲያውም ልጆቻችን ኮምፒውተር ሳይነኩ እዚያ ፈተና ላይ መቀመጣቸው ያስፈራኛል። ስብሰባው ላይ መናገር የነበረብኝ ይሄን ነው፦

1. ከመልቀቃችን በፊት እንቁጠር። ስልኩ የማነው? የልጁ ነው፣ የአባቱ ነው፣ የወንድሟ ነው?

2. ትንሽ እንላክ። ሁለት ደቂቃ ድምፅ ካርድ አይጨርስም። ሰላሳ ገጽ ፒዲኤፍ ይጨርሳል።

3. እያንዳንዱ የምንልከው ነገር መጨረሻ ላይ ተማሪው ብቻ ሊመልሰው የሚችል አንድ ጥያቄ ይኑር። ከመጽሐፍ የሚገለበጥ ከሆነ ጎበዙ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይገለብጠዋል።

4. ለሚመልሰው ልጅ በስሙ እንመልስለት። አንድ ቃል ትበቃለች። ሦስት ቀን ዝም ላለው ደግሞ እንደውል። ስልክ ከሌለው ሰው እንላክ።

5. ኔትወርክ ሲጠፋም የሚቀጥል ይሁን። ሚሞሪ፣ ወረቀት፣ ጎረቤት። በእኛ አገር ኔትወርክ "ቢጠፋ" አይባልም፤ "ሲጠፋ" ነው የሚባለው።

6. መምህሩ ለዚህ ጊዜና ካርድ ይሰጠው። ሃምሳ ልጅ በድምፅ መስማት ማታ ሙሉ ይፈጃል። በነጻ የሚሠራ ነገር አድርገን ካየነው በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል።

ከነዚህ ስድስቱ አንዷን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ አራተኛዋን እመርጣለሁ። ከፋኖሱ ጀምሮ እስከ ቴሌግራም የሠራው ሁሉ የሠራው፣ ከወዲያ በኩል መልስ የሚቀበል ሰው ስለነበረ ነው። ይሄ ሰው በጠፋበት ሁሉ መሣሪያው ብቻውን ሲያወራ ነው የከረመው።

ያቺን ልጅ አሁንም ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ልጅ አዝላ ሽንኩርት ትሸጣለች። "ቲቸር" ብላ ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት። ባለፈው የማታ ትምህርት ስለመጀመር ጠየቀችኝ። "መጽሐፉን በስልክ ትልክልኛለህ?" አለችኝ። አሁን የራሷ ስልክ አላት። እልካለሁ አልኳት። እደውላለሁም አልኳት።

ሰኞ ስብሰባው ይቀጥላል። በዚህኛው እጄን አወጣለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የ2012ቱን ድምፅ ሚሞሪው ላይ ያስቀመጠ ካለ ቢልክልኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔ በጦርነቱ ጠፍቷል። አያትየው ያሉበትን በተለይ። የፕላዝማ ትዝታ ያላችሁም ከታች ጻፉ። አብሯችሁ የነበረ፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ የምታውቁ ግን እዚህ ስሙን አትጻፉ፤ በውስጥ መስመር ንገሩኝ።

ሰላም ለቆላችንም ለደጋችንም። ሰላም እደሩ።